የመጸው ሥራ ማስታወሻ፦ ውሻ፣ ዶሮ፣ ወፍና ቀይ ቀበሮ በጓሳ ዳርቻ

ቦታው መንዝ ነው፤ ከጓሳ ሣር ምድር ጥግ፣ 3,100 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለ በካብ የታጠረ የገጠር ግቢ። ግቢው ውስጥ ሁለት ውሾች፣ አንዲት ድመትና ደርዘን ዶሮዎች አሉ። በዚህ ወቅት የሚሠሩት የውሻ ቤትና የማሰሪያ መስመር፣ የወፎች ውሃ ገበታ፣ የዶሮ ቤት ጥገናና የዱካ ማንበቢያ አሸዋ ናቸው።

መጸው፣ ማለትም ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ፣ በደጋ አገር ከቤት ወጥቶ ለመቀመጥ የሚመቸው ወቅት ነው። ጭጋጉ ይነሣል፣ ጭቃው ይጠነክራል፣ አደይ ሜዳውን ይሸፍናል፣ ጦስኙ ሲረገጥ ይሸታል። አውሬውም ከሩቅ ይታያል። ይሁን እንጂ አውሬ ከደጃፉ ሆኖ ማየት የሚፈልግ ሰው መነጽር ከመግዛቱ በፊት ውሻውን ያስተካክል። ቀይ ቀበሮ የምትወልደው በዚሁ ወቅት፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። የሚዞር ውሻ የሚያሯሩጣት፣ በሽታም የሚያስተላልፍባት ግልገሎቿ ጉድጓድ ውስጥ ባሉበት ሰዓት ነው ማለት ነው። ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል ከውሻ ይጀምራል።

መስከረም 20

የመጀመሪያው ሥራ ከመስቀል የተረፈውን ማጽዳት ነው። ቅርጫው ተከፋፍሎ ካለቀ በኋላ ሳንባውና የተበላሸው ጉበት አጥር ሥር ይጣላል፤ ውሻ ደግሞ ከየደጁ ይለቅማል። ሳንባ ወይም ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ከታየ በውስጡ ያለው የውሻ ትል እጭ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ እጩ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ መውጣት ይጀምራል። ከዚያ ሣሩ ላይ ሆኖ ወደ በጉ፣ ውሻውን ዳስሶ እጁን ሳይታጠብ ወደሚበላውም ሕፃን ይሄዳል። መፍትሔው ከባድ አይደለም፦ ቋጠሮ ያለበትን ሥጋ 30 ደቂቃ ማፍላት፣ አለበለዚያ አንድ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበርና ድንጋይ መጫን። ግማሽ ሜትር አይበቃም፤ ውሻ ያወጣዋል፣ ውሻ ባያወጣው ጅብ ያወጣዋል። አዙሪት የያዘው በግ ጭንቅላትም እንደዚሁ ነው። በጉን የሚያዞረው ቋጠሮ ያለው አንጎሉ ውስጥ ስለሆነ ጭንቅላቱን ፈልጦ ለውሻ መስጠት በሽታውን ለቀጣዩ ዓመት መንጋ መዝራት ነው።

ለሁለቱም ውሾች ፕራዚኳንቴል የተባለው የትል መድኃኒት ተሰጠ፤ ልኩ ለአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊ ግራም ነው። የተለመደው የውሻ ክኒን 50 ሚሊ ግራም ስለሆነ አንድ ፍሬ ለ10 ኪሎ ውሻ ይበቃል። ውሻን በግምት መመዘን አያዋጣም፤ ጆንያ ውስጥ አስገብቶ በእህል ሚዛን ማንጠልጠል ወይም ታቅፎ ሚዛን ላይ ወጥቶ የራስን መቀነስ ይሻላል። ክኒኑን በቅቤ ለውሶ ምላሱ ሥር ሳይሆን ከምላሱ ኋላ አድርጎ አፉን መያዝና ጉሮሮውን ማሸት ነው፤ ፊት ላይ ከተቀመጠ ሰው ዞር ሲል ይተፋዋል። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። ስለዚህ ውሻው ሁለት ቀን ታስሮ፣ ዓይነ ምድሩ ተሰብስቦ መቀበር አለበት። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ ከተዘለለ ግን ክኒኑ ግማሽ ሥራ ነው።

መስከረም 22

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። መጠኑ ለትልቅም ለትንሽም ውሻ አንድ ሚሊ ሊትር ነው፤ ቆዳ ሥር ወይም ጡንቻ ላይ ይወጋል። ቡችላ ሦስት ወር ሳይሞላው ከተከተበ ሲሞላው ይደገምለታል፤ ሁሉም በዓመቱ ይደገማል። መከላከያው ሰውነት ውስጥ እስኪጠነክር ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል፤ እስከዚያ ውሻው እንዳልተከተበ ይቆጠራል።

ክትባቱ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት። ሙቀት እንደሚያበላሸው ሰው ያውቃል፤ በረዶም እንደሚያበላሸው ግን ይዘነጋል። ብልቃጡ በረዶውን ነክቶ ከረጋ ተጥሎ ሌላ ይመጣል። በበረዶውና በብልቃጡ መካከል የታጠፈ ጨርቅ ወይም ካርቶን ማስገባት ያድነዋል።

ሁለት ውሻ መከተብ ለግቢው ነው፤ ለቀበሮዋ የሚጠቅመው ጎረቤት ሁሉ ሲከትብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚያስቀምጠው መለኪያ በአካባቢው ካሉ ውሾች 70 በመቶውን መከተብ ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ በሽታው መተላለፊያ አያጣም። በባሌ ዌብ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 በሽታው ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ተሻግሮ በቦታው ከነበሩት ከአራት ሦስቱን እጅ ጨርሷል። በዓለም የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ ሁሉም ያሉት ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ጓሳ ያሉት ጥቂቶች ስለሆኑ አንድ ክፉ ዓመት ይበቃቸዋል።

ሰው ከተነከሰ ቁስሉ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ላምባም ቅጠልም አይደረግበትም። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ የሰው ክትባቱን ግን በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ ይጀምር። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።

መስከረም 28

የውሻ ቤቱ ተገጠመ። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 70 ሴንቲ ሜትር፤ ቁመቱ ከፊት 75፣ ከኋላ 65። አጥንቱ 4 በ5 ሞራሌ፣ ግድግዳው ጣውላ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ወለሉ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በአራት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ እንጨት በቀጥታ መሬት ከነካ በሁለት ክረምት ይበሰብሳል። በሩ 35 በ50 ሆኖ ከፊት ለፊቱ መሃል ሳይሆን ወደ አንድ ጥግ ተደርጓል፤ መሃል ከሆነ ነፋሱ በቀጥታ መኝታው ላይ ይገባል። ክዳኑ በማጠፊያ ስለተያዘ ወደ ላይ ይከፈታል። የማይከፈት ክዳን ያለው ቤት አይጸዳም፣ ያልጸዳ ቤት ደግሞ የቁንጫ ነው።

በሩ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዞሯል። በበጋው ወራት ነፋሱ የሚመጣው ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ፀሐይዋም ከመስከረም አጋማሽ ወዲህ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በዚህ አቀማመጥ ጀርባው ነፋሱን ይመልሳል፣ ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ በበሩ ገብቶ ገለባውን ያደርቃል። መኝታው ረጅም የገብስ ገለባ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ነው። ጭድ ይደቅቃል፣ ይታመቃል፣ ያስነጥሳል። አሮጌ ብርድ ልብስ ደግሞ እርጥበት ይዞ ስለሚያድር በውርጭ ሌሊት ከባዶ ጣውላ ይብሳል።

ለቀን ማሰሪያ የሽቦ መስመር ተዘረጋ። ሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች በ12 ሜትር ርቀት፣ 70 ሴንቲ ሜትር ተቀብረው ቆሙ፤ በመካከላቸው 4 ሚሊ ሜትር ሽቦ በሁለት ሜትር ከፍታ ተወጠረ። ሽቦው ላይ የሚንሸራተት ቀለበት ገብቶ የሦስት ሜትር ሰንሰለት ተንጠለጠለ። ከእያንዳንዱ ምሰሶ ሦስት ሜትር ላይ ሽቦው ቋጠሮ አለው፤ ቀለበቱ እዚያ ካልቆመ ውሻው ምሰሶውን ዞሮ ዞሮ ራሱን ያሳጥራል። ሰንሰለቱ በአንገቱ በኩል የሚዞር ቀለበት ያስፈልገዋል፣ አለበለዚያ ይጠመዘዛል። የአንገት ቆዳው ሁለት ጣት ያስገባ።

አንድ አደጋ ከሁሉም ይበልጣል፦ መስመሩ ለካቡ ከቀረበ ውሻው ዘሎ በሌላው በኩል ተንጠልጥሎ ይታነቃል። ሰንሰለቱ ሙሉ ተዘርግቶ ከካቡ ቢያንስ አንድ ሜትር መቅረት አለበት። ቀንና ሌሊት ማሰርም ውሻን ተናካሽ ያደርገዋል። ስለዚህ አመሻሽ ላይ በሩ ተዘግቶ ግቢ ውስጥ ይለቀቃል፤ ካቡ ላይ የተደረደረው የቀጋ እሾህ ውሻውን ከመውጣት፣ ጅቡን ከመግባት ይከለክላል። መብሉም በሰዓቱ ይሁን። የተራበ ውሻ ሜዳ ወርዶ አይጥ ያሳድዳል፤ አይጡ ደግሞ የቀበሮዋ ቀለብ ነው።

ጥቅምት 4

የወፎች ውሃ ገበታ። ክረምት ሲያልፍ የሜዳው ኩሬ ቶሎ ይደርቃል፤ ከጥቅምት በኋላ ግቢ ውስጥ ያለች አራት ሊትር ውሃ ወፍ ከሩቅ ትጠራለች።

70 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ እንደ ምጣድ ዝርግ የሆነ፣ መሃሉ 12 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጎድጓዳ ቦታ ተቆፈረ፤ አፈሩ ተጠቅጥቆ ፕላስቲክ ተነጠፈበት። 8 ኪሎ ሲሚንቶና 18 ሊትር የተነፋ አሸዋ በደረቁ ተደባለቀ፤ ልኩ በስፍር አንድ ለሦስት ነው። ውሃው ከአምስት ሊትር በታች ነው፦ ድብልቁ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን ይዞ የሚቀር፣ ግን የማይንጠባጠብ። የቀጠነ ድብልቅ ለመለሰን ይመቻል፣ ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል። ግማሹ ተደልድሎ የተቆረጠ የዶሮ ሽቦ ተነጠፈበት፤ ቀሪው ከላይ ተጨምሮ አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያዘ።

ጥልቀቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የውሃው ጥልቀት መሃል ላይ ከአምስት ሴንቲ ሜትር አይለፍ፣ ጠርዙ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ በመካከላቸው ቀስ ብሎ ይዝቀጥ። ወፍ የምትጠጣው ቆማ ነው፣ የምትታጠበውም እግሯ መሬት ነክቶ ነው። እንደ ሳፋ ግድግዳው ቀጥ ያለ ዕቃ ጫጩት ያሰጥማል። ሲሚንቶው ገና ሳይጠነክር ላዩ በመጥረጊያ ተጠርጎ ሻካራ ተደረገ፤ በማንካ የተለሰነ ገበታ ለዓይን ያምራል፣ ወፍ ግን ትንሸራተትበታለች።

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚባለው እዚህ ጋ ይሠራል። ገበታው ሰባት ቀን በረጠበ ጆንያ ተሸፍኖ መቆየት አለበት። የደጋ ፀሐይ ቀን ላይ ያደርቀዋል፣ ሌሊት ደግሞ ቅዝቃዜው ያዘገየዋል፤ ስለዚህ ማታ ማታ በጆንያው ላይ ገለባ ይደረጋል። ከዚያ በኋላም ወዲያው ለወፍ አይሰጥም። አዲስ ሲሚንቶ ውሃውን እንደ ኖራ የሚያቃጥል ያደርገዋል፤ ሞልቶ ማሳደርና መድፋት፣ እንደገና ሞልቶ መድፋት፣ ለአንድ ሳምንት።

ቦታው ከቁጥቋጦ ሦስት ሜትር ይራቅ። ከዚያ ከቀረበ ድመት ተደብቃ በአንድ ዝላይ ትደርሳለች፤ ከዚያ በጣም ከራቀ ደግሞ ወፏ ጭልፊት ሲመጣ የምትሸሽበት ታጣለች።

ጥቅምት 19

ገበታው አገልግሎት ጀመረ። ቀድመው የመጡት ዋኔዎችና አንገታቸው ላይ ነጭ ቀለበት ያላቸው የገደል እርግቦች ናቸው። ቁራ ሲመጣ ሌላው ይበተናል፤ ደረቅ እንጀራና አጥንት አምጥቶ ስለሚነክር ውሃው በአንድ ጠዋት ይበላሻል። መፍትሔው ማባረር ሳይሆን ውሃውን በየቀኑ መለወጥና ገበታውን በሸካራ ብሩሽ፣ ያለ ሳሙና መፈግፈግ ነው። ብዙ ወፍ ከአንድ ቦታ ሲጠጣ ኩሱ ውሃው ውስጥ ስለሚወድቅ ያልተለወጠ ውሃ ለዶሮዎቹም በሽታ ይሆናል። ዶሮና የዱር ወፍ መጠጫቸው አይደባለቅ።

ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡትም ደርሰዋል። ከብቱ እግር ሥር ጅራቷን እየወዘወዘች የምትራመደው ደረተ ቢጫዋ ቀጭን ወፍ ከእነሱ አንዷ ናት። ወደ ላይ ለሚያይ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ህዳር የሚመጡት ትልልቅ የሜዳ ንስሮች፣ እንዲሁም ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የሚኖረው አጥንት ከሰማይ ጥሎ የሚሰብረው አሞራ አለ።

ጥቅምት 26

የዶሮ ቤት ጥገና። ድክመቱ ሽቦው ነበር። ቀጭኑ የዶሮ ሽቦ ዶሮ እንዳትወጣ ይይዛል እንጂ አውሬ እንዳይገባ አይከለክልም፤ ሽለምጥማጥ ይቀደዋል። ዶሮ ዳሩ ላይ ከተኛችም በቀዳዳው አንገቷን ይስባል። በ13 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የተበየደ ሽቦ ተተካ፤ በሚስማር ብቻ ሳይሆን ከላዩ ዝርግ እንጨት ተደርቦ ተመታ። ግርጌው ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ሽቦ ወደ ውጭ ታጥፎ አፈር ለበሰ። የሚቆፍር አውሬ የሚጀምረው ከግድግዳው ሥር ነው፤ ሽቦው ሲገጥመው ራቅ ብሎ መቆፈር አያስብም።

መስፈሪያው ለአንድ ዶሮ 20 ሴንቲ ሜትር ተሰልቶ፣ ወርዱ አምስት ሴንቲ ሜትር፣ ጠርዙ የተሞረደ እንጨት ነው። ክብና ቀጭን ዱላ በብርድ ጣታቸውን ያስመታል፤ ሰፋ ሲል ላባቸውን እግራቸው ላይ ዘርግተው ይተኛሉ። አየር ማስገቢያው ከመስፈሪያው በላይ ይሁን። ብርድ ፈርቶ ቀዳዳ ሁሉ መድፈን የተለመደ ስህተት ነው፤ ዶሮን የሚጎዳው ብርዱ ብቻ ሳይሆን የታፈነ እርጥበትና የኩስ ሽታ ጭምር ነው። በሩ ከምሽቱ 12፡30 በፊት ይዘጋል፣ መቀርቀሪያውም ሁለት ነው።

ከበሩ ፊት ለፊት አንድ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ አሸዋ ሦስት ሴንቲ ሜትር ተነጠፈ። ማታ ውሃ ይረጭበትና በጣውላ ይለሰናል፤ ጠዋት ይነበባል። አራት ጣትና የጥፍር ምልክት ካለ ውሻ፣ ቀበሮ ወይም ጅብ ነው። አራት ጣት ያለ ጥፍር ከሆነ የድመት ዘር ነው፤ ትንሹ የቤቷ ድመት፣ ትልቁ አነር። የጅብ የፊት እግሩ ዱካ ከኋላው ጎልቶ ይተልቃል። ሰፊ ዱካ ሆኖ በጎኑ የተጎተተ ጭረት ካለ ጃርት እሾሁን ጎትቶ አልፏል፤ ለድንች ማሳው እንጂ ለዶሮው አያሰጋም። የአሸዋው ጥቅም ይኸው ነው፦ ጠላትን ሳያውቁ ወጥመድ ከማስቀመጥ ያድናል።

ህዳር 4

ከመስቀሉ ክኒን ስድስት ሳምንት ስለሞላ ሁለተኛው ተሰጠ። ሌላ ሥራ የለም።

ህዳር 12

ህዳር ሲታጠን። መንደሩ ሁሉ ጥራጊውን የሚያቃጥልበት ቀን ስለሆነ የውሻና የዶሮ ቤት ገለባ ሁሉ ወጥቶ አብሮ ተቃጠለ፤ ቁንጫው ከነእንቁላሉ የሚኖረው እዚያ ውስጥ ነው። ፕላስቲክና የመድኃኒት ብልቃጥ ግን እሳት ውስጥ አይገባም። ባዶው ቤት ቀኑን ሙሉ ክዳኑ ተከፍቶ ፀሐይ መታው፣ ማታ አዲስ ገለባ ገባ።

ህዳር 21

አመዳይ ሜዳውን ነጭ ማድረግ ጀምሯል። ገበታው ውስጥ ያደረ ውሃ ሲረጋ ይሰፋል፣ ሲሚንቶውንም ይሰነጥቃል። ስለዚህ ማታ ይደፋል፣ ጠዋት ፀሐይ ከወጣ በኋላ ይሞላል። ጨው መጨመር አይታሰብም፤ ወፍ ይገድላል።

የቀበሮ ማያ ሰዓቱ እንግዲህ ይህ ነው። ማለዳ በ12 ሰዓት ተነሥቶ መንቀጥቀጥ ግዴታ አይደለም፤ ቀይ ቀበሮ የምታድነው ቀን ነው፣ አይጦቹም ከጉድጓድ የሚወጡት ፀሐይ ሣሩን ስታሞቀው ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይን ከጀርባ፣ ነፋስን ከፊት አድርጎ መቀመጥ ይበቃል። መነጽር 8 በ42፣ ማለትም ስምንት እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ ይሻላል፤ ከዚያ በላይ የሚያጎላው በዚህ ነፋስ እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። ውሻው እቤት ታስሮ ይቅር፤ አብሮ ከወጣ ሣር በሉ ዝንጀሮ ጭላዳው ሁሉ ወደ ገደሉ ይወርዳል።

ጭላዳው መቆየቱ ለቀበሮዋም ይጠቅማል። ጓሳ ላይ የተደረገ ምልከታ እንዳሳየው ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆና ስታድን 67 በመቶ፣ ብቻዋን ስትሆን 25 በመቶ ይሳካላታል። ጭላዳዎቹም እሷን አይሸሹም፤ ውሻ ሲያዩ ግን ጩኸታቸው ሸለቆውን ይሞላዋል። ስለዚህ መንጋ ሣር ሲነጭ ከታየ ጠርዝ ጠርዙን በመነጽር ማሰስ ነው፤ ዝቅ ብላ፣ ጆሮዋን ወደ ፊት አድርጋ ቀስ ብላ የምትራመደው ቀይ ጀርባ እዚያ ትገኛለች። ቆማ ወደ ሰው ካፈጠጠች ቀርበናል ማለት ነው፤ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ጉድጓድ ከተገኘ ደግሞ ዳግም አለመሄድ፣ ለሌላም አለማሳየት። ምግብ መጣል ፈጽሞ አይገባም፤ ሰው ደጅ መብላት የለመደች ቀበሮ ከውሻ ጋር ከአንድ ሳህን ትበላለች።

ታኅሣሥ 9

ገብሱ ታጭዶ ወደ አውድማ ስለገባ አይጡም አብሮ ወደ ቤት መጥቷል። የአይጥ መርዝ ግን አልተፈለገም። መርዝ የበላች አይጥ ደካማ ሆና ሜዳ ላይ ስትንከላወስ ቀድመው የሚያነሷት ጉጉት፣ ጭልፊት፣ ድመቷና ቀበሮዋ ናቸው። በምትኩ ጎተራው በአራት እግር ከመሬት 80 ሴንቲ ሜትር ተነሣ። በእያንዳንዱ እግር ላይ ከቆርቆሮ የተቆረጠ፣ አፉ ወደ ታች የተደፋ እንደ ጃንጥላ ያለ ክዳን ተገጠመ፤ ወደ ውጭ የሚወጣው ከንፈሩ 25 ሴንቲ ሜትር ካልሆነ አይጥ ትዞረዋለች። መሰላል ወይም ዱላ ጎተራው ላይ ተደግፎ ካደረ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው።

ድመቷ ማታ ማታ ጎተራው አጠገብ ትዘጋለች፤ ለአይጡ ሥራ አላት፣ ለወፎቹም ዕረፍት ነው። እሷም የእብድ ውሻ ክትባት ያስፈልጋታል፤ ከውሾቹ ጋር ሳትከተብ ስለቀረች ሐኪሙ ለሚቀጥለው ዙር መዝግቧታል። የውሾቹ ሦስተኛ ክኒን ከገና በፊት ሳይሆን ከገና ማግስት ይሰጣል፤ የበዓሉ ሳንባና ጉበት እንደተለመደው ይጣላልና። ጉድጓዱ ከወዲሁ ተቆፍሯል፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ከአሥር።